አርብ አርብ ውሸቱን መጠየቅ

የቦጉሚዋ ሳኮቪች ካፖርት ለሃያ ሁለት ዓመት የተሰቀለው አንድ መስቀያ ላይ ብቻ ነው፤ አስራ ሰባት ቁጥር ላይ። ከእኔ በፊት በዩኒቨርሲቲው መግቢያ ሰው እያወለቀ የሚያስረክበውን ካፖርት ትጠብቅ የነበረችው ሴትዮ ጡረታ ስትወጣ ቁልፉንና ትንሿን ማሞቂያ አስረከበችኝ። በር ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ «አስራ ሰባትን ለማንም እንዳትሰጪ፤ የሳኮቪች ነው» አለችኝ። አልሰጠሁም።

ካፖርቱ ግራጫ ነው። ገበሩ ሁለቴ ተቀይሯል። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ያገለገሉ የአውቶቡስ ትኬቶችና የጠመኔ ስብርባሪ አይጠፋም። በመጀመሪያው ክረምት «ፓኒ ቦጉሚዋ»፣ ወይዘሮ ቦጉሚዋ እንደ ማለት፣ እያልኩ አንቱ እላት ነበር። አንድ ቀን በረዶውን ከካፖርቱ ላይ ሳራግፍ ቆማ አየችኝና «ቦጉሻ በይኝ» አለች። «ካፖርቴን ከእኔ በላይ የምታውቂው አንቺ፤ በአንቱታ ምን እንጨቃጨቃለን?» ከዚያ ወዲህ ለእኔ ቦጉሻ ናት። ለሌላው የህንፃው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ፓኒ ቦጉሚዋ ሆና ቀረች።

ሰው ስራዋን ሲጠይቃት «ለማሽን እጽፋለሁ» ትላለች። ሶስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በደንብ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰዎች በወረቀት ያረጋገጡትን ነገር ማሽኑ በሚያነበው ቋንቋ መስመር በመስመር ትጽፋለች። ነገሩ ሁሉ ስለ ስብስብ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ክብ ተሰርቶ ውስጡ ነጥብ ነጥብ የሚደረግበት። ጥቂት መነሻ ህጎች አሉ። አንድ አባባል ሲሰጠው፣ ማሽኑ ከእነዚህ ህጎች ተነስቶ ወደዚያ አባባል የሚያደርሰውን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። መንገዱን ካገኘ «ተረጋገጠ» ብሎ ይጽፍና የሄደበትን ይዘረዝራል። ካላገኘ «ጊዜ አለቀ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ይህን ሁሉ የምትጽፈው ለአንድ ሰው ነበር። ፕሮፌሰር ዶቭጊርድ መምህሯ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ነገር አረጋግጫለሁ ብለው መቶ አርባ ገጽ ጻፉ። በህንፃው ውስጥ «የፕሮፌሰሩ ደረጃ» ይባላል። ከአንድ ስብስብ ተነስቶ፣ በተወሰነ ህግ ወደሚበልጠው፣ ከዚያም ደግሞ ወደሚበልጠው እየወጡ ቢሄዱ፣ ደረጃው የሆነ ቦታ ላይ ያበቃል ነው ነገሩ። ወረቀቱን ሁለት የውጭ አገር መጽሔቶች መለሱባቸው። ስህተት አገኘን አላሉም፤ እስከ መጨረሻው ልንከተለው አልቻልንም ነው ያሉት።

«ስህተት ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» ይሉ ነበር ፕሮፌሰሩ። «ይህ ጥርጣሬ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው። አይነክሰኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ያላምጠኛል።»

ጡረታ የወጡ ቀን ወረቀቱን ለቦጉሻ ሰጧት። «የሰው ዓይን ይደክማል፤ የማይደክም ያንብበው» አሏት። እሷም ጀመረችው። የራሷን ዶክትሬት መሳቢያ ውስጥ ተወችው። ባሏ ለስራ ግዳንስክ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ሲይዝ «ደረጃው ስንት ደረሰ እያለ የሚያሾፍብኝ አንድ ሰው ቀነሰልኝ» ብላ ሳቀች አሉ። አስራ አንድ ዓመት ሆናት። ስድስት መቶ አስራ አንድ አባባሎች ጽፋ፣ ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም ማሽኑን አሳምናለች።

የቦጉሻንና የፕሮፌሰሩን ሁለት ልማዶች መናገር አለብኝ፤ ያለ እነሱ የሆነው ነገር አይገባም።

አንደኛው ኮከብ ነው። ሲጽፉ ገና ያልተረጋገጠ መስመር ሲያጋጥማቸውና ወደ ፊት መሄድ ሲፈልጉ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ኮከብ ያደርጋሉ። ለማሽኑ «ለጊዜው እመነኝ፤ እመለስበታለሁ» እንደ ማለት ነው። ማሽኑም ያምናል። ሁለተኛው ልማድ የአርብ ነው። ፕሮፌሰሩ ያመጡት ነው። አርብ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ ማሽኑን ውሸት ይጠይቁታል፦ «ባዶው ስብስብ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ አረጋግጥ።» ያስገቡት ህግ ሁሉ ጤነኛ ከሆነ ማሽኑ አምስት ደቂቃ ይለፋና «ጊዜ አለቀ» ይላል። ያን ጊዜ ደስ ብሏቸው ካፖርታቸውን ይወስዳሉ። መሰረቱ ላይ አንድ ስንጥቅ ካለ ግን ማሽኑ በዚያ ገብቶ ውሸቱን ያረጋግጠዋል፤ ውሸት ከተረጋገጠ ደግሞ ማንኛውም ነገር ይረጋገጣል። ለሃያ ሁለት ዓመት አርብ አርብ እጇን ስትዘረጋልኝ «ዝም አለ?» እላለሁ። «ዝም አለ» ትለኛለች። የመስቀያውን ቁጥር ተቀብዬ ካፖርቷን እሰጣታለሁ። ሃያ ሁለቱን ዓመት ሁሉ የጠየቅኋት እኔ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ከእኔ በፊት የነበረችውም ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

ነገሩ በሆነበት ዓመት ጥር ላይ አዲስ ማሽን መጣ። ያመጣው ኢሬኔኡሽ ነው፤ ሁላችንም ኢሬክ እንለዋለን። ከቦጉሻ ጋር ሊሰራ ከሱቫውኪ ከተማ የመጣ፣ ሰላሳ ዓመት የማይሞላው፣ በክረምት ኮፍያ የማያደርግ ልጅ ነው።

«አሮጌውን ለሙዚየም እንስጠው» አለ ሳጥኑን ደረጃው ላይ እየጎተተ። «ፓኒ ቦጉሚዋንም አብረን እንስጥ። አሮጌው ያለ እርስዎ አይነሳም።»

«አንተን ደግሞ ከላዩ የተጠረገ አቧራ ብለው ይመዘግቡሃል» አለችው። «ቀስ በል፤ ግድግዳውን ላጥከው።»

ፕሮፌሰሩ በዚያ ክረምት ሰማኒያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ አንቶኒውክ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከእህታቸው ከፓኒ ቴክላ ጋር ይኖራሉ። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ከአልጋ አይነሱም። ሐኪሙ ፋሲካን አያዩም ብሏል። ለቦጉሻ የቀራት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ሳይሞቱ ደረጃው እውነት መሆኑን ሄዳ መንገር። «ሌላ የምፈልገው የለም» አለችኝ አንድ ቀን ሻይዋን ከእኔ ጋር ስትጠጣ። «ነግሬያቸው ብመለስ አውቶቡስ ቢገጨኝም ግድ የለኝ።»

«አውቶቡሱ አይደርስልሽም» አልኳት። «ሁለት ቁጥርን ታውቂዋለሽ፤ ከመቼ ወዲህ በሰዓቱ መጥቶ?»

የካቲት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ኢሬክ ደረጃውን ሶስት ሶስት እየዘለለ ወረደ።

«ስልክሽን! ስልክሽን ስጪኝ!»

«ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ተረጋገጠ! በአራት ደቂቃ! አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው፤ በአራት ደቂቃ!»

ስልኩን በባንኮኒው ላይ ገፋሁለት። ለፓኒ ቴክላ ደወለ። እየጮኸ «ለፕሮፌሰር ይንገሯቸው፤ ማሽኑ አረጋግጦታል ይበሏቸው» አላት። በስልኩ ውስጥ የሴትዮዋ ለቅሶ ለእኔም ተሰማኝ። ከላይ ሰዎች ያጨበጭባሉ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከቢሯቸው ወጥተው ነበር። አንድ ሰው የፖፒ ፍሬ ያለበት ኬክ ሊገዛ ሮጠ። እኔም በማላውቀው ነገር ደስ ብሎኝ ያለ ስራ ካፖርቶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተካከልኩ።

ቦጉሻ የወረደችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እጇ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ፊቷን ሳይ ኬኩ አንቋት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«አስራ ዘጠኝ መስመር ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ማረጋገጫው። እሳቸው መቶ አርባ ገጽ የፈጀባቸውን ማሽኑ በአስራ ዘጠኝ መስመር ጨረሰው።»

«ታዲያ ጎበዝ ነዋ!»

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ፤ እንደማላነበው እያወቀች። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። «ደረጃው የለበትም» አለች። «ጥያቄዬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ እንኳን አልነካውም። አንድ ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ፣ እዳሽ ተሰርዟል ቢለኝ ምን እላለሁ? የተሳሳተ ቤት ገብተሃል ነው የምለው።»

ኢሬክ ከኋላዋ ደርሶ ቆሞ ነበር። ሲስቅ የነበረው ፊቱ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «ውሸቱን እንጠይቀው» አለ።

«አርብ አይደለም» አልኩ እኔ፤ ምን ልበል?

ሁለቱም ወደ ሶስተኛ ፎቅ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢሬክ ነው የነገረኝ። በአምስት ደቂቃ ጠየቁት፤ ዝም አለ። ኢሬክ ተነፈሰ። ቦጉሻ ግን አስር አድርገው አለችው። በሰባተኛው ደቂቃ ማሽኑ ጻፈ፦ «ተረጋገጠ።» ባዶው ስብስብ ውስጥ አንድ ነገር አለ። በዘረዘረው መንገድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የቆመው ከቦጉሻ ጽሑፍ አርባ አንደኛው መስመር ነበር።

አርባ አንደኛውን መስመር ቦጉሻ ሳታየው ታውቀዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በፕሮፌሰሩ የስም ቀን፣ በስማቸው የሚጠራው ቅዱስ በሚታሰብበት በዓል፣ ነው የተጻፈው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተውም በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ አጠገቧ ተቀምጠው ያጽፏት ነበር። ፕሮፌሰሩ ተማሪን የሚያስለቅሱበት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ተማሪው ሰሌዳ ላይ «እንዲህ እንዲህ የሆኑትን ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ እንሰብስብ» ብሎ ሲጽፍ ከኋላ «ከየት?» ይላሉ። ከየት እንደሚወሰድ ሳይናገሩ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ስብስቦችን የሚያፈርሰው እሱ ነው። ቦጉሻ ለእኔ ስታስረዳኝ፣ «ራሳቸውን የማይመዘግቡ መዝገቦችን ሁሉ የሚመዘግብ መዝገብ ያዢ ቢሉሽ፣ ያንኑ መዝገብ ራሱን ትመዘግቢዋለሽ ወይስ አትመዘግቢውም?» አለችኝ። ሁለቱንም ሞከርኩ፤ ሁለቱም እምቢ አለኝ።

በዚያ የስም ቀን ፕሮፌሰሩ «ደረጃዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቢ» ብለው አጻፏት። እሷ ጣቷን አንስታ «ፕሮፌሰር፣ ከየት?» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ በራሳቸው ጥያቄ ስለያዘቻቸው። እሳቸውም ሳቁ። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው በር ላይ ቆመው እየጠሯቸው ነበር። «ኮከብ አድርጊበት፤ ቤት ሄጄ እሞላዋለሁ» አሏት። ኮከብ አደረገችበት።

ከሶስት ዓመት በኋላ የማሽኑ ቋንቋ ተቀየረ። በአዲሱ ኮከብ የሚባል ነገር የለም። ቦጉሻ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ኮከቦችን ለሁለት ሳምንት አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ተሞልተዋል ብላ በአንድ ትእዛዝ አጠፋቻቸው። አንዱ አልተሞላም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ለጊዜው እመነኝ» የተባለው መስመር ከመነሻ ህጎቹ ጋር እኩል ተቀመጠ። አሮጌው ማሽን በአምስት ደቂቃ ሊደርስበት አልቻለም። አዲሱም ቢሆን ሰባት ያስፈልገዋል።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ የፕሮፌሰሩን መቶ አርባ ገጽ አውጥታ አነበበች። ስልሳ ሶስተኛው ገጽ ላይ ያው ቃል በእጃቸው ተጽፏል፦ «ደረጃዎቹን ሁሉ አንድ ላይ እንሰብስብ።» ከየት እንደሆነ አይልም።

«እኔ ልንገራቸው?» አላት ኢሬክ። «የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተን ምን ያውቁሃል? እኔ እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ሄደች። ፓኒ ቴክላ በር ላይ አቅፋ ሳመቻት፤ ቤቱ ባብካ የሚሉት የተጋገረ ድንች ይሸታል። ፕሮፌሰሩ በሶስት ትራስ ተደግፈው ነበር። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ሸሚዝ ለብሰዋል። «ለአንቺ ብሎ ነው አልብሺኝ ያለው» አለች ቴክላ፤ «ለቄሱ እንኳን ፒጃማውን አልቀየረም!»

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ፕሮፌሰሩ እጇን ያዙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀች።

«ውሸቱን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አምስት።»

«ዝም አለ?»

«በአምስት ደቂቃ ዝም አለ» አለች። ውሸት አይደለም። ስትነግረኝ ደጋግማ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ «ውሸት አልነበረም እኮ»።

«ማሽኑ አዲስ ነው አሉኝ» አሉ። «አስር አድርጊው። ነገ መጥተሽ ንገሪኝ።»

«እሺ ፕሮፌሰር።»

«ነገ ነው እንግዲህ፤ ብዙ ነገ የለኝም።»

ሐሙስ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። አንድ ፌርማታ ሲቀራት ወረደችና በበረዶው ላይ በእግሯ ተመለሰች። አርብ እስከ መግቢያው ደረሰች። ጣቷን ደወሉ ላይ አሳርፋ ሳለ አንዲት ጎረቤት ውሻዋን ይዛ ወጣችና በሩን ያዘችላት።

«ወደ ማን ነው?»

«ቤት ተሳስቻለሁ» አለቻት ቦጉሻ፤ ተመለሰች።

በዚያ አርብ ወደ ህንፃው አልመጣችም። አስራ ሰባት ቁጥር ባዶውን ዋለ።

ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ ብላ ቆርጣ ሄደች። መንገድ ላይ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፦ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ኮከቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ኢሬክና እኔ እንሞላዋለን። ሶስተኛውን እንደማታምንበት ታውቃለች። ደወለች። ቴክላ ጥቁር ለብሳ ከፈተችላት። ንጋት ላይ ነው ያረፉት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ደወሉ ጮኸ ወይ እያለ አላስተኛኝም» አለቻት ቴክላ። «ትመጣለች፣ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው ይላል። ልጄ፣ ምኑ ነው አስር ደቂቃ የሚፈጀው?»

ቦጉሻ ይህን እስከ ዛሬም አልነገረቻትም።

ቀብሩ ላይ ዳይሬክተሩ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ «ሕይወታቸውን የሰጡለት ቲዎረም በመጨረሻ ተረጋገጠ» የሚል። ቦጉሻ የመካነ መቃብሩ በር ላይ ጠብቃ አስቆመቻቸው።

«ያ ነገር አይባል። አልተረጋገጠም።»

«ፓኒ ቦጉሚዋ፣ ሰውየው ገና ሳይቀበሩ?»

«ሰው ስለተቀበረ መስመር አይሞላም።»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ስለ ፕሮፌሰሩ ደግነት ብቻ ተናገሩ። ከኋላዬ ሁለት መምህራን ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ቀንታባቸው ነው» አለ አንዱ። «አስራ አንድ ዓመት የለፋችው ስሟን ለብቻው ልታስጽፍ ነበራ» አለ ሌላው። ዞሬ አየኋቸው። ካፖርታቸውን አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝና ሃያ አራት ናቸው።

ኢሬክ አርባ አንደኛውን መስመር ለመሙላት አራት ወር ታገለ። ከትልቅ ስብስብ እንውሰድ አለ፤ ደረጃዎቹ አልገቡበትም። ጥቂቶቹን ብቻ እንሰብስብ አለ፤ ቀሪው ማረጋገጫ ፈረሰ። ማሽኑ በየቀኑ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ጊዜ አለቀ»። ደረጃው ያበቃል ወይስ አያበቃም፣ አሁንም የሚያውቅ የለም። የውጭ አገር መጽሔቶቹ ካሉት ነገር አንድ እርምጃ አልተሻገሩም።

ቦጉሻ ኮከቡን መልሳ አስቀመጠች። በአዲሱ ቋንቋ ኮከብ ስለሌለ በተራ ጽሑፍ ነው የጻፈችው፦ «ይህ አልተረጋገጠም።» ከዚያ በእሱ ላይ የተደገፉትን አባባሎች እየፈለገች ያንኑ ጻፈችባቸው። ከስድስት መቶ አስራ አንዱ አምስት መቶ ሰማኒያ ሶስቱ ተደግፈውበት ነበር። የቀሩት ሃያ ስምንቱ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ወር የሚጽፋቸው ናቸው። የስራ ቦታዋ በሰኔ መጨረሻ እንደሚዘጋ በግንቦት ነገሯት። አልተከራከረችም።

አርብ አርብ ግን ውሸቱን መጠየቅ አልተወችም። አሁን አስር ደቂቃ ትሰጠዋለች። እጇን ስትዘረጋ «ዝም አለ?» እላታለሁ። «ዝም አለ» ትላለች፤ ቀድሞ እንደምትለው አይደለም።

የሰኔ የመጨረሻው አርብ ሞቃት ነበር። በሰኔ ካፖርት የሚያወልቅ ሰው ስለሌለ እኔም መስቀያዎቹን በጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። ቦጉሻ አንድ ላስቲክ ይዛ ወረደች፤ ውስጡ ብርጭቆዋና ጫማዋ አለ። ባንኮኒው ፊት ቆመች፤ የምትወስደው ነገር አልነበራትም።

«ዝም አለ?» አልኳት።

«አላውቅም። ትቼው ወጣሁ።»

«ስንት ደቂቃ ሰጠሽው?»

«ገደብ አላደረግሁለትም» አለች። ላስቲኩን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ለሌሎች ስለተሰጠ ኢሬክ ማሽኑን ሊያነሳ መጣ። ሲወርድ ሳጥኑን ባንኮኒዬ ላይ አሳርፎ ላቡን ጠረገ። «ዝም አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሶስት ቀን ሲፈልግ ቆይቷል» አለ። «ምንም አላለም። እየፈለገ ሳለ ነው የነቀልኩት።»